ፊት አይታ የማታዳላ ሳጥን

ደበበን ካወቅሁት ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ በስድስቱም ዓመት ደህና የሚሠራ ዕቃ አይቶ ሳይነካካው ሲያልፍ አላየሁትም። ራዲዮ ቢሰጡት ይፈታዋል። መልሶ ሲገጥመው ሁለት ብሎን ይተርፈዋል፤ ራዲዮው ግን ከበፊቱ አጥርቶ ይናገራል። የተረፉትን ብሎኖች በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ያጠራቅማቸዋል። "ለምን ተረፉ?" ብላችሁ ብትጠይቁት "ድሮም አያስፈልጉም ነበር" ይላችኋል።

ሥራው ኩዌት፣ ፋሐሂል ውስጥ ስልክና ኮምፒውተር መጠገን ነው። ሱቋ ከመጥበቧ የተነሣ ሦስተኛ ደንበኛ ሲገባ የመጀመሪያው መውጣት አለበት። የምንኖረው ግን ፊንጣስ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አራት ሆነን ነው። እኔ ወርቅነህ እባላለሁ፤ አሕመዲ ውስጥ ለአንድ ቤተሰብ ሹፌር ነኝ። በዕድሜ ትልቁ እኔ ስለሆንኩ በቤቱ ውስጥ የመቆጣት ሥራ የእኔ ነው። ወንድም ኢያሱ ላውንደሪ ቤት ይሠራል፤ የኅብረታችንም መሪ እሱ ነው፤ በደጉ ጊዜ ዓርብ ዓርብ ሳሎናችን በዝማሬ ይሞላ ነበር። አራተኛው ሮቤል ነው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል፣ ጺም ግን እስካሁን አልመጣለትም፤ በስልኩ የሚመጣለትን ሊንክ ሁሉ ሳይከፍት አያድርም።

ሜሮንን ደበበ ያገኛት በኅብረቱ ነው። አሕመዲ ውስጥ በሰው ቤት ትሠራለች፤ ማዳሟ ዓርብ ዓርብ ስትለቃት እየመጣች ከእኛ ጋር ትዘምር ነበር። አንድ ዓርብ የስልኳ መስታወት ተሰብሮ መጣች። ደበበ ተቀበላትና "መለዋወጫው ከዱባይ እስኪመጣ" ብሎ ሦስት ሳምንት አመላለሳት። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። መስታወቱም መሳቢያው ውስጥ ነበር፤ ኋላ እየተርበተበተ ለእኔ ተናዘዘልኝ። እኔ እስከማውቀው በሕይወቱ የዋሸው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለ እሱም ንስሐ እንደገባ ነግሮኛል። ፍሬ ስላፈራ ብዙም አልወቀስኩትም።

ሜሮን ስለ አባቷ ብዙ ነግራናለች። አቶ ጴጥሮስ ሆሳዕና ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ያረፈደ ተማሪ በራቸው ላይ ይንበረከካል፣ እሳቸው እስኪበቃቸው። ቤት ውስጥም ያው ነበር። "አባቴ ይቅር ብዬሃለሁ የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም" ትላለች። "ተነስ ካለ አበቃ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን አያነሣውም።" ደበበ ይህን በሰማ ቁጥር ሳያውቀው ጉልበቱን ያሻሽ ነበር።

እንግዲህ በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት መጋቢት ላይ ኮሮና ገባና ዓለም ሁሉ በሩን ዘጋ። ኩዌት መጀመሪያ የሌሊቱን ሐዘር አወጀች፤ ሐዘር ማለት ከቤት መውጣት የሚከለክል ትእዛዝ ነው። ግንቦት ሲገባ ደግሞ ሙሉ ሐዘር ሆነ። ሱቁም ላውንደሪውም ተዘጋ፤ የእኔ ሰዎችም "ቤትህ ቆይ" አሉኝ። አራት ወንዶች በአንድ ሳሎን፣ በአንድ ቀጭን የኢንተርኔት መስመር ላይ ቀረን።

ጠቡ የጀመረው በዚያች መስመር ነው። ኢያሱ ስብከት ሲከፍት ሮቤል ኳስ ይከፍታል፤ እኔ ከልጆቼ ጋር ላውራ ስል የትንሿ ልጄ አፍ ተከፍቶ ይቀራል። በዚያ ላይ ሮቤል "ሽልማት ደርሶዎታል" የሚል ሊንክ ከፍቶ የአራታችንም ስልክ እኛ ያልጻፍነውን መልእክት መላክ ጀመረ። ወንድም ኢያሱ በራሱ ስም ለምእመናን የክብደት መቀነሻ ክኒን ማስታወቂያ ሲደርሳቸው በጣም አዘነ።

"ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል" አለ ደበበ፤ ዓይኑ በራ። የተበላሸ ነገር ተገኘ።

ከሱቁ አስቀድሞ ያመጣት አንዲት ሳጥን የመሰለች አሮጌ ኮምፒውተር ነበረችው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ብታክል ነው። በጀርባዋ ሁለት የኬብል መሰኪያ አላት። በውስጧ የነበረውን ሁሉ አጠፋና በፍላሽ ሊኑክስ የሚባል ፕሮግራም ጫነባት፤ ከዚያ የውጭውን መስመር በአንዱ መሰኪያ፣ የእኛን ቤት በሌላው አድርጎ በመካከል አስቀመጣት። ፋየርዎል ይሏታል። እኔ የገባኝ እንደ ሹፌር ነው፤ መንገድ ላይ ያለች ኬላ ናት። የሚገባም የሚወጣም በእሷ በኩል ያልፋል። ወረቀቱ ትክክል ከሆነ "እለፍ" ትላለች፣ ካልሆነ ትመልሳለች፤ ማንን እንደመለሰች ደግሞ በመዝገቧ ትጽፋለች። የመጀመሪያው ቀን ሁለቱን ኬብሎች አቀያይሮ ሰክቶ ኖሮ ሁለት ሰዓት ሙሉ ኢንተርኔት አልነበረንም። ሁላችንም በአንድ ድምፅ ኩባንያውን ረገምን። ደበበ ኬብሉን ሲያስተካክል ኩባንያውን ይቅርታ የጠየቀ ግን የለም።

ከዚያ በኋላ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰላም ወረደ። ሳጥኗ መስመሩን ለአራታችን እኩል አካፈለች፤ የሮቤልን ጉድ ሁሉ በር ላይ መለሰች። ወሬው ታች ድረስ ወርዶ የሕንጻው ሐሪስ ሸዕባን ሊያያት መጣ። ሸዕባን ግብጻዊ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ይህን በር ጠብቋል፣ ጺሙም እዚሁ ነው የሸበተው። "ሌላ ሐሪስ ቀጠራችሁ አሉ" አለ ቅር ብሎት። ቴሌቪዥኑ ሥር ቁጢጥ ብሎ ሳጥኗን አያት። "ሰላም ትላለች?"

"አትልም" አልኩት።

"ታዲያ ምኗ ሐሪስ ነው!" ብሎ ተጽናንቶ ወረደ።

በዚያው ሰሞን ወንድም ኢያሱ አንድ ነገር ለመነ። ማታ ማታ ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት አብረን እንጸልያለን፤ ዓይን ተጨፍኖ ሳለ ግን የስልክ ብርሃን እየታየው ልቡ ይታወክ ነበር። "በዚያች አንድ ሰዓት በሩን መዝጋት ትችላለች?" አለው ደበበን። ይህ ለደበበ ልመና አይደለም፤ ግብዣ ነው። ወዲያው አንድ ደንብ ጻፈና "ጸሎት" ብሎ ሰየመው። በሦስተኛው ቀን ሮቤል በሽንገላ አለፈው። ለካ ሳጥኗ አዲስ የሚመጣውን ትመልሳለች እንጂ በሩ ሳይዘጋ የገባውን አታስወጣም። ሮቤል አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ፋሐሂል ላለች ልጅ በቪዲዮ ይደውላል፤ እኛ ስንጸልይ እሱ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ይንሾካሾካል።

ደበበ ይህን ከመዝገቧ ሲያነብ እንደ ተሰደበ ሰው ሆነ። ቁጭ ብሎ ደንቡን አጠበቀው፦ ሰዓቱ ሲደርስ አዲሱም አይግባ፣ ከውስጥ ያለውም ይቆረጥ። ለሮቤል ሲነግረው እኔም እዚያው ነበርኩ።

"አንተስ?" አለ ሮቤል። "የራስህን ስልክ ከደንቡ ታስቀራለህ አይደል?"

"የራሴም ይቆረጣል። ሳጥኗ ፊት አይታ አታዳላም።"

ኢያሱ "አሜን" አለ። እኔም አልኩ። ማንም ሰው የራሱን ጉድጓድ ሲቆፍር እንዲህ ተመርቆ አያውቅም።

ሜሮን የደወለችው በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ነው። ኮንትራቷ ሰኔ ላይ ያልቃል። አባቷ "አየር ማረፊያ እንደተከፈተ ወደ ቤትሽ ነይ" ብለዋታል፤ ለአንድ አስተማሪ የሚለምኑ ሽማግሎችም ለመጪው እሑድ ቀጠሮ ይዘዋል። እሷ አልቅሳ ስለ ደበበ ነገረቻቸው። አቶ ጴጥሮስ "ሰው ከሆነ ሽማግሌ ይላክ" አሉ። "ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት እጠብቃለሁ። ከእሑድ በፊት የመጣውን መጀመሪያ እሰማለሁ። ካልመጣ ግን የሰጠሁትን ቃል አላጥፍም።"

ደበበ ይህን ነገረን። ዓርብ ካለፈች ሜሮን አለፈች ማለት ነው፤ ሁላችንም ገባን።

ሽማግሌ መሆን ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ሦስት ጋብቻ አስጨርሻለሁ፣ ሁለቱ እስካሁን አሉ። ግን ሽማግሌ ሦስት ነው። እኔና ኢያሱ አለን፤ ሦስተኛው ይሆናል ያልነው አዛውንት ፋሐሂል ነው ያሉት፣ ሐዘሩም አያሳልፋቸውም። ሮቤል "እኔ አለሁ" ሲል አገጩን ብቻ አየነው፤ ገባውና ተወው። ኢያሱ በሁለት ሰው ሽምግልና የለም ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ደግሞ የሸዕባን ጺም ትዝ አለኝ።

ወርጄ በአረብኛ አስረዳሁት። ሸዕባን ረመዳን ይጾማል፤ የቀጠሮው ሰዓት ደግሞ ጉሮሮው ደርቆ እስከ ማፍጠሪያው የቀረውን የሚቆጥርበት ጊዜ ነው። "ምን እላለሁ?" አለ።

"ምንም። ትቆማለህ። ካልተባልን አንቀመጥም።"

"ለማን ነው?"

"ለደበበ።"

"ራዲዮዬን የጠገነልኝ ልጅ ነው። እቆማለሁ" አለ።

ለማያውቅ ልንገር። ሽማግሌ የሴት ልጅ ቤት ሲገባ ቢለምኑትም "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብሎ ይቆማል። ጉዳዩን ካሰማ በኋላ አባትየው "እናስብበት" ካሉ ቀጠሮ ነው። "ተቀመጡ" ካሉ በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ዝም ካሉ ደግሞ ቆሞ መጠበቅ ነው፤ እያመዛዘኑ ነውና "ታዲያ ምን ይሉናል?" ብሎ ማጣደፍ ነውር ነው። ሌላም ሕግ አለ፤ ልጁ ራሱ በቦታው አይታይም።

ስለዚህ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደበበ የኢያሱን ላፕቶፕ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘ፣ ካሜራውን አስተካከለ፣ "አንድ ሰዓት ሙሉ አላችሁ፤ ይበቃል" አለና ሮቤልን ይዞ ወጥ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ሽምግልና በአንድ ሰዓት ያልቃል ብሎ የሚያስብ ሰው ያላገባ ብቻ ነው።

ሦስታችንም ነጭ ሸሚዝና ማስክ አድርገን ቆምን። መጀመሪያ የታየን የሆሳዕና ቤት ጣሪያ ነው። ከዚያ የአንድ ሰው ግንባር፣ ከዚያ የሜሮን ታናሽ እህት ጣት። ስልኩን ከግድግዳ አስደግፋ አቶ ጴጥሮስን ሙሉ እስክታሳየን ሃያ ደቂቃ ሄደ። ጋቢ ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው መስኮትና አበባ ያለበት መጋረጃ አለ። ከዚያ ሰላምታ መጣ። የአገሩ ሰላም ተጠየቀ፣ ዝናቡ ተጠየቀ፣ ኮሮና በዚያም በዚህም ተጠየቀ፣ የኢያሱ አባት የሚያውቁት ሰው ልጅ ሆኖ ተገኘና እሱም ለብቻው ተጠየቀ። ሸዕባን በየመካከሉ ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ "አልሐምዱሊላህ" ይላል። አቶ ጴጥሮስን ትንሽ ግር አላቸው።

"ተቀመጡ እንጂ" አሉን።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አልን።

ኢያሱ ጉሮሮውን አጸዳ። ሰባኪ ነውና ከአብርሃም ሎሌ ተነሣ፤ ርብቃን ከጉድጓድ ውኃ አስቀድቶ፣ ግመሎቹን ሁሉ አጠጥቶ፣ ዞሮ ዞሮ ደበበ ዘንድ ደረሰ። "ልጅዎን ሜሮንን ለልጃችን ለደበበ ይስጡን ብለን ቆመናል" አለ። አቶ ጴጥሮስ አንድ ቅንድባቸውን አነሡ፤ እጃቸውን ወደ አገጫቸው ወሰዱ። ዝም አሉ።

እኛም ዝም አልን።

ዝምታውን ወደድኩት፤ እንዲህ ያለ ረጋ ያለ ሰው ከስንት ጊዜ በኋላ አየሁ። ቅንድባቸው አልወረደም፣ እጃቸው ከአገጫቸው አልተነሣም። ከምስሉ ግርጌ በእንግሊዝኛ ደቃቅ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ እኔም ኢያሱም ለክብር ብለን መነጽራችንን አውልቀን ስለነበር አላነበብነውም። የቀኝ ጉልበቴ መጠዝጠዝ ጀመረ።

"ጌታ ልባቸውን እየነካ ነው" አለኝ ኢያሱ ከማስኩ ሥር።

"ጉልበቴንም እየነካ ነው" አልኩት።

በሰዓት ሰባት ደቂቃ ነው ይላሉ፤ በጉልበቴ ቆጠራ ግን ግማሽ ቀን ነበር። በመጨረሻ ሸዕባን በክርኑ ነካ አደረገኝና "ያ ወርቅነህ፣ ሰውዬው ዓይኑን አልጨፈነም" አለ በአረብኛ።

"ዝም በል። ባህል ነው።"

"እሺ፣ ለእሱ ባህል ነው። መጋረጃውስ?"

አየሁ። ከአቶ ጴጥሮስ ጀርባ ያለው መጋረጃ በነፋስ ተነፍቶ፣ ጫፉ ወደ ላይ እንደተነሣ፣ ሳይወርድ ቀርቷል።

"መጋረጃውም ሽማግሌ ያከብራል?" አለ ሸዕባን። "ኢንተርኔት ማፊ፣ ያ ሐጂ። ማፊ!" የለም ማለቱ ነው።

ሦስት የተከበሩ ሽማግሎች ለሰባት ደቂቃ ለፎቶግራፍ ቆመን ነበር። አፍሬ ማስኬን ወደ ዓይኔ ሳብኩት። ኢያሱ "ደበበ!" ብሎ ሲጮህ የወጥ ቤቱ በር ተከፈተ።

የደበበን ፊት አልረሳውም። የእኔ ስልክ ካርድ የለውም፣ የኢያሱም የራሱም የለውም፤ ሳጥኗ ከመጣች ወዲህ ካርድ መሙላት ትተናል። የሮቤል ነበረው፣ ግን ቪዲዮ ቀርቶ ድምፅ እንኳ ወደ ሆሳዕና የሚያደርስ አልነበረም። ደበበ ተንበርክኮ የቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ኬብሎቹን ነቅሎ ሰካ፤ መብራቶቹ አረንጓዴ ናቸው። "ኩባንያው ነው" አልኩ። "ሮቤል ፊልም እያወረደ ነው" አለ እሱ። ሮቤል ስልኩን አንሥቶ መሐላ ገባ። ደበበ ሳጥኗን አጥፍቶ አበራት፤ አራት ደቂቃ ፈጀ፤ በነቃችም ጊዜ ያው ነበረች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

"ጋሼ፣ አረፍ በሉ" አለኝ ሮቤል ወንበር እየሳበ።

"ማን አለኝና?" አልኩት። ሰውየው ጉዳያችንን ከሰሙ በኋላ ተቀመጥ አላሉኝም። አያዩኝም ብዬ ብቀመጥ የልመናዬ ነገር ቀልድ ይሆናል። ኢያሱም አልተቀመጠም። ሸዕባንም አልተቀመጠም፤ እሱ ግን ምክንያቱን የገባው አይመስለኝም፣ እኛን አይቶ ነው።

ደበበ የሱቁን ላፕቶፕ አምጥቶ ከሳጥኗ ጋር አገናኘው። ላቡ ይንጠባጠባል፤ እየሠራ ለራሱ ያወራል። ከሳጥኗ ሆኖ ውጭውን ዓለም ሲያንኳኳ ውጭው መለሰለት። "መስመሩ ደህና ነው። ኩባንያው አይደለም።" ስልኮቻችንን አየ፤ ሁሉም ከሳጥኗ ጋር ተገናኝተዋል። "ቤቱም ደህና ነው። ውጭ ደህና፣ ቤት ደህና..." አለ። እንግዲህ የቀረችው ኬላዋ ራሷ ናት። መዝገቧን ከፈተ። መስመር በመስመር ወረደለት፤ ተመለሰ፣ ተመለሰ፣ ተመለሰ ይላል። በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ በገዛ እጁ የሰየመው ስም አለ። ጸሎት።

የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት። የኅብረቱ መሪ ቆሞ፣ እኔ ቆሜ፣ በዚያ ቤት ውስጥ የጸሎት ሰዓት መድረሱን ያስታወሰች ሳጥኗ ብቻ ናት። ኢያሱ "ይቅር በለን" ብሎ አንገቱን ደፋ።

"ጋሼ ወርቅነህ" አለኝ ደበበ፤ ቀና ብሎ አላየኝም። "እኔ ነኝ። ለሮቤል ብዬ የጻፍኩት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ አላችሁ ያልኩት ይህን አስቤ ነበር፣ ከዚያ ወጥ ቤት ስገባ ከድንጋጤዬ ረሳሁት።"

"ፈጥነህ ሰርዘው! ሲመለሱ ደግሞ ኔትወርክ ነው በላቸው። ዘንድሮ በኔትወርክ ያላሳበበ የለም።"

ደበበ ደንቡን ሰረዘ። የመጨረሻውን ቁልፍ እንደነካ የኢያሱ ላፕቶፕ ጮኸ፤ ለካ የሜሮን እህት ያን ጊዜ ሁሉ ደጋግማ ስትደውል ነበር። ኢያሱ ደንግጦ አነሣው።

አቶ ጴጥሮስ ቴሌቪዥኑን ሞልተው ብቅ አሉ። እሳቸው የሚያዩትን ሳስብ አሁንም ይጨንቀኛል። ሦስት ሽማግሎች እንደቆሙ ናቸው። ከፊታቸው ደግሞ፣ መታየት የሌለበት ሰው፣ ጸጉሩ ላይ የሸረሪት ድር፣ አንገቱ ላይ ሰማያዊ ኬብል፣ ካሜራው ፊት ተንበርክኮ አፉን ከፍቷል።

"ይሄ ደግሞ ማነው?" አሉ።

"ደበበ ነኝ፣ አባባ።"

"ምን አጥፍተህ ተንበረከክህ?"

ቶሎ አልኩና "የኔትወርክ ነገር..." ብዬ ጀመርኩ። ደበበ አቋረጠኝ። "ኔትወርክ አይደለም፣ አባባ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። በጸሎት ሰዓት ማንም እንዳያወራ መስመሩ ይዘጋ ብዬ የሠራሁት ሥራ አለ፤ ጓደኛዬ በዚያ ሰዓት ሲያወራ ይዤው ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ እርስዎንም ዘጋብኝ።"

"ራስህን ለምን አላስቀረህም?"

"ለሁሉም እኩል ነው ብዬ ተናግሬ ነበር።"

አቶ ጴጥሮስ ወደ እኛ ዞሩ። "እናንተስ? ግማሽ ሰዓት ሙሉ ማን ይመለከታችኋል ብላችሁ ነው የቆማችሁት?"

"ተቀመጡ አልተባልንም" አልኩ። ድምፄ ትንሽ ቆጣ ሳይል አልቀረም፤ የጉልበቱ ነገር ነው።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ዳይሬክተር ነበርኩ" አሉ። "መብራት ጠፍቶ ነው፣ አህያ ደብተሬን በልታው ነው፣ ጎርፍ መንገድ ዘግቶ ነው። እኔ ነኝ ያለኝ ተማሪ ግን በጣት ይቆጠራል።" ከዚያ አንድ ቅንድባቸውን አነሡ፣ እጃቸውን ወደ አገጫቸው ወሰዱ፣ ዝም አሉ።

ኢያሱ ዓይኑን ጨፈነ። ደበበ እንደተንበረከከ ነው። ሸዕባን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "መጋረጃው ይንቀሳቀሳል" አለኝ።

"እናንተ ተቀመጡ" አሉ አቶ ጴጥሮስ። ጣታቸውን ወደ ደበበ ቀሰሩ። "አንተ ተነስ።"

ደበበ ከመቸኮሉ የተነሣ ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨው፤ ሳጥኗም ወደቀች፣ ግን አልጠፋችም። እኔ ወንበሩ ላይ ወደቅሁ ማለት ይቀላል። ለሸዕባን "ተቀመጥ ተብለናል" ስለው ከታች መስጊድ አዛን ተሰማ፤ ሮቤል ተምርና ውኃ ይዞ ሮጠ፤ ሸዕባንም በሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጦ አፈጠረ። አቶ ጴጥሮስ "ይህ ዝምተኛ ሽማግሌ ማን ይባላል? ከሁላችሁም እሱን ወደድኩት" አሉን።

መስመሩ ስለተከፈተ የደበበ ስልክ መንዘር ጀመረ። ሜሮን ናት፤ የማዳሟ ቤት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ አሥራ አንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ጽፋለች፤ "አባቴ ምን አለ?" ትላለች። ደበበ የተጋጨ ጭንቅላቱን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው "ተነስ አለኝ" ብሎ ጻፈላት። አባቷን ታውቃለችና ሌላ አልጠየቀችም።